መዋጮ፣ ዕርዳታ፣ በጀት፦ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ትምህርት ቤቶች በማን ገንዘብ ተሠሩ?

አዳማን አይቶ ወደ ሞጆ የተመለሰ፣ ከሞጆም ታጥፎ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ሻሸመኔ የሚገባ መንገደኛ፣ የቆየ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጎራ ቢል ሦስት መንግሥታት ጎን ለጎን ቆመው ያገኛል። ዳር ላይ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ኖራ የተቀባ ክፍል አለ። ቀጥሎ በብሎኬት የቆመ ባለ አራት ክፍል ብሎክ፤ ማዶ ደግሞ ለምረቃ የተቀባው ቀለም ገና ያልደበዘዘ ባለ ፎቅ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የከፋዩን ስም ይናገራል፦ የውጭ መንግሥት፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ የልማት ማኅበር፣ የአካባቢው ኅብረተሰብ። የጣሪያው ቆርቆሮ ሲዝግ የሚቀይረው ማን እንደሆነ ግን የሚናገር ሰሌዳ እስካሁን አላየሁም። የአገራችን የትምህርት ቤት ግንባታ ታሪክ የሚላላው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለመሥራት ገንዘብ አጥተን አናውቅም ማለት ይቻላል፤ ለማቆየት የሚሆን ቋሚ ከረጢት ግን የነበረን ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ከፋዩ ቤተ መንግሥት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲቋቋም ወጪው ከንጉሡ ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም በአልጋ ወራሹ ገንዘብ ተሠራ። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ዋና ከተማው ሲደርስ አዳማ ገና የጣቢያ ሰፈር ነበረች፤ ናዝሬት የሚለውን ስም ያገኘችውም በኋላ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በአዋጅ ወጣ። ግብሩ በገጠር መሬት ላይ የተጣለ ሲሆን፣ የተሰበሰበው ገንዘብ በየጠቅላይ ግዛቱ ለትምህርት ሥራ እንዲውል፣ አወጣጡንም የአካባቢው የትምህርት ቦርድ እንዲከታተል ታስቦ ነበር። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ሐሳቡ ዘመናዊ ነው፤ ለአንድ ሥራ ብቻ ተለይቶ የተቀመጠ፣ በየዓመቱ የሚመጣ ገንዘብ። ጉድለቱም ግልጽ ነበር። ብዙ የሚታረስ መሬት ያለው ጠቅላይ ግዛት ብዙ ይሰበስባል፤ የሌለው ልጆቹን ይዞ ይቀመጣል። በአርሲና በሸዋ ጭሰኛ በበዛበት ምድር ደግሞ ባለርስቱ የግብሩን ሸክም ወደ አራሹ ማሻገሩ የተለመደ ነበር፤ ልጁን ትምህርት ቤት ያላስገባው ገበሬ የትምህርት ግብር ይከፍላል። ቢሆንም መርሁን ከአፈጻጸሙ ለይቶ ማየት ይገባል። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የግብሩ ሥርዓት ሁሉ ሲለወጥ የትምህርት ግብርም አብሮ ቀረ። በቦታው የተተካ የለም።

በዚያው ዘመን በከተሞቹ ዙሪያ ሌላ ከፋይ ብቅ አለ። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሲከፍት ከአገዳው ጋር የሠራተኛ ሰፈር፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት መጡ። ሜኖናይት ሚሲዮን በናዝሬት የባይብል አካዳሚን በ1950ዎቹ መባቻ ከፈተ፤ በሻሸመኔ አጠገብ ኩየራ ላይ አድቬንቲስቶች፣ መቂ ላይ ካቶሊኮች ትምህርት ቤት አቆሙ። እነዚህ ግቢዎች የሚለዩበት ነገር ነበራቸው። ባለቤቱ እዚያው ስለሚኖር፣ የተሰበረ መስኮት የሚጠገነው በጀት ሲለቀቅ ሳይሆን ሲሰበር ነው።

የመንግሥቱን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በብዛት ያስፋፋው ግን የስዊድን ገንዘብ ነው። በ1947 ዓ.ም. አካባቢ የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ በርካሽ ቁሳቁስ የሚሠራ የትምህርት ቤት ንድፍ ሲያጠና ቆይቶ ነበርና፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚሠራ ልዩ ክፍል ተደራጀ። ስምምነቱ ቀላል ነበር፦ ስዊድን ድርሻዋን ትከፍላለች፣ ቀሪውን መንግሥትና የአካባቢው ሰው። ንድፉ አንድ ዓይነት በመሆኑ የአርሲው ትምህርት ቤት ከጎጃሙ አይለይም። በዚያው ሰሞን ዓለም ባንክ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማበደር ጀመረ። "ሕዝቡ ያዋጣ፣ ለጋሹ ይጨምር" የሚለው ቀመር ከዚያ ወዲህ አልተለየንም።

ደርግ በ1968 ዓ.ም. የግል ትምህርት ቤቶችን ወደ ሕዝብ አስተዳደር አዞረ። የናዝሬቱ አካዳሚ ለጊዜው ተርፎ በ1974 ዓ.ም. ከሜኖናይቶቹ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መዘጋት ጋር ተወረሰ። በ1976 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎችን ሥልጣን አጠናከረ። ከዚህ ዘመን አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም ለአካባቢው ሥራ እንዲውል ታሰበ። በዚያ ገንዘብ ብዙ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ተከፍተዋል። ከትምህርት ግብር ቀጥሎ ለአካባቢው ትንሽም ብትሆን ቋሚ ገቢ የሰጠው ያ ነው። ቤቶቹ ራሳቸው ሳይጠገኑ ስላረጁ፣ ኪራዩም የዚያን ዘመን ዋጋ ይዞ ስለቀረ፣ ከረጢቱ ቀስ በቀስ ባዶውን ተንጠለጠለ።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የመጣውን በቁጥር ብቻ ማሳየት ይቻላል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን በአንደኛ ደረጃ የሚማረው ተማሪ በአገር ደረጃ 3 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከ18 ሚሊዮን አለፈ። አዳማ በ1976 ቆጠራ 76,284፣ በ1987 ቆጠራ 127,842፣ በ1999 ቆጠራ 220,212 ሰው ነበራት። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ዋና ከተማ ሆና በ1997 ወደ አዲስ አበባ እስኪመለስ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ወደ እሷ ተመመ። በዚህ ፍጥነት ክፍል መሥራት የሚችል በጀት የትም የለም። መልሱ ፈረቃ ሆነ፤ ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው።

በ1994 ዓ.ም. ወረዳዎች ጥቅል በጀት መቀበል ሲጀምሩ ውሳኔው ወደ ታች ወረደ፤ ገንዘቡ ግን ወርዶ ያለቀው ደመወዝ ላይ ነው። መምህር ሳይከፈለው አያድርም፣ መከፈሉም ተገቢ ነው። ለካፒታል የሚተርፈው ጥቂት ሲሆን ግንባታው ወደ ወላጅ ዞረ።

አሠራሩን ብዙ ወላጅ ያውቀዋል። ሰኔ ላይ ስብሰባ ይጠራል። ርዕሰ መምህሩ የዓመቱን ውጤት ካነበቡ በኋላ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሰብሳቢው ይነሱና መስከረም የሚመጣው ተማሪ በአንድ ዴስክ አራት ሆኖ እንደሚቀመጥ ያስረዳሉ። ባለ ሱቁ ሲሚንቶ፣ ባለ ሲኖትራኩ ድንጋይና አሸዋ ማመላለስ፣ ሌላው በነፍስ ወከፍ ብር ቃል ይገባል። ከኋላ አንዲት እናት "ያምናውስ የት ደረሰ?" ይላሉ፤ ደረሰኝና ቃለ ጉባኤ ይወጣል፣ ጭቅጭቁ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ወረዳው ቆርቆሮና ሚስማር ይጨምራል። ግድግዳው ይቆማል፣ ጣሪያው ይመታል፣ ገንዘቡም እዚያ ላይ ያልቃል። ኮርኒስና ደህና ሊሾ ለሚቀጥለው ዓመት ይባላል። ኮርኒስ የሌለው የስምጥ ሸለቆ ክፍል በግንቦት ምድጃ ነው፤ በሰኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እስኪያባራ ይጠብቃል። ከሥሩ በቅጡ ያልተደለደለ ሊሾ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይፈረካከሳል፤ አቧራው በየደብተሩ ላይ ያርፋል። መዋጮው በወረቀት ላይ "በፈቃደኝነት" ነው፤ በምዝገባ ቀን ግን ደረሰኙን ያልያዘ ወላጅ ከሰልፉ ዳር ይቆማል። ይህንን ነጻ ትምህርት ማለት ይከብደኛል።

በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም ይህንን በከፊል አቀለለው። በዓለም ባንክና በሌሎች አጋሮች ድጋፍ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰጥ ገንዘብ መጣ፤ ርዕሳነ መምህራኑ "ስኩል ግራንት" ይሉታል። ትምህርት ቤቱ የራሱን ችግር ገምግሞ የማሻሻያ ዕቅድ ያወጣል፣ በዚያ መሠረት ያወጣዋል። ብሩ ትንሽ ነበር። ነገር ግን ርዕሰ መምህሩ ከወረዳ ሳይለምን የበር ማጠፊያ መግዛት ቻለ፤ እኔ ከፕሮግራሙ ሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው። በዕርዳታና በብድር የሚመጣ ስለሆነ ግን በዘገየ ጊዜ ማጠፊያውም ይዘገያል።

ኦሮሚያ ከ2010 ወዲህ በራሱ በጀት የያዘው መንገድ ለየት ይላል። ኢፋ ቦሩ የተባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየወረዳው በአንድ ዓይነት ንድፍ ተሠሩ፤ ቡኡራ ቦሩ የተባሉት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች ደግሞ በአብዛኛው በሕዝቡ ጉልበትና መዋጮ። በ1985 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር በአዳማ የሚያስተዳድረው አዳሪ ትምህርት ቤት በፈተና ውጤቱ ይታወቃል። ባቱ ላይ የአበባ እርሻው ሼር ኢትዮጵያ እንደ ጥንቱ ወንጂ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሠርቷል። የዘመቻው ፍጥነት ያስገርማል፤ እኔን የሚያሳስበኝ በአንድ ሰሞን የተሠራ ሁሉ በአንድ ሰሞን ማርጀቱ ነው።

ከተማ አስተዳደሩስ? አዳማ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓለም ባንክ የረዳው የከተሞች ልማት ፕሮግራም ሲጀመር ከተካተቱት ከተሞች አንዷ ናት። የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ማውጣትን፣ ንብረትን መመዝገብን፣ ለጥገና በጀት መያዝን የከተማው ባለሙያ እዚያ ላይ ለመደው። ትኩረቱ ግን መንገድ፣ ኮብልስቶን፣ የጎርፍ መውረጃና ቆሻሻ ነበር። የከተማው ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት በራሱ ገቢ ሲሄድ ትምህርትና ጤና የክልል ተግባር ተብለው በጥቅል በጀት ይተዳደራሉና፣ ትምህርት ቤቱ በሁለቱ መካከል ይቀራል። ከአጥሩ ውጭ ያለው ኮብልስቶን የጥገና ዕቅድ አለው፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለው ክፍል የለውም።

በዚህ ምድር ዕቅድ ማጣት ከሌላው ቦታ ይብሳል። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ስለሆነች ክረምት ላይ ጎርፉ ወደ መሀል ይወርዳል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንዳያልፍ ይላል፤ ወንጂ ላይ ለዓመታት ያልተጣራ ጉድጓድ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ድረስ ተጎድተዋል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ጉድጓድ ቆፍሮ ሪባን መቁረጥ ግማሽ ሥራ ነው፤ ማጣሪያውን በየጊዜው የሚያድስ ገንዘብ ካልተያዘ ለልጆቹ ጥርስ ጠንቅ ነው። መሬቱም ይንቀጠቀጣል። በነሐሴ 1898 የላንጋኖ አካባቢ ርዕደ መሬት አዲስ አበባን አናውጧል፤ በ1985 ናዝሬት ተነቃንቃለች፤ በ2017 አዋሽ ፈንታሌና መተሐራ ላይ በተደጋገመው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነስቷል። ከስምጥ ሸለቆ ፓሚስ የሚመረተው ብሎኬት ቀላልና ርካሽ ነው፤ ያለ በቂ ፌሮ የተደረደረ እንደሆነ ግን በመንቀጥቀጥ ጊዜ ከሥሩ ባይቀመጡ ይመረጣል። በመዋጮ ከተሠሩት ብሎኮች ስንቱን መሐንዲስ አይቷቸዋል?

በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ አገር ሲያስደነግጥ፣ ትምህርት ሚኒስቴር አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች መሆናቸውን አስታውሶ በ2015 "ትምህርት ለትውልድ" የተባለ ንቅናቄ ጀመረ። ዳያስፖራው፣ ባለሀብቱ፣ የቀድሞ ተማሪው ለተማረበት ትምህርት ቤት እንዲያዋጣ ተጠራ። የሚደነቅ ልግስና ታይቷል። ሆኖም ባለሀብት ያፈራ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ሲያገኝ፣ ተማሪዎቹ ገና ያልከበሩለት ይጠብቃል።

ሌላው ዓለም እንዴት ይከፍላል ቢባል፣ በአሜሪካ የትምህርት ቀበሌው ነዋሪውን ድምፅ አሰጥቶ ቦንድ ይሸጣል፤ ዕዳውን ከቤትና ቦታ ግብር በሃያና በሠላሳ ዓመት ይከፍላል። ሀብታም ሰፈር የተሻለ ትምህርት ቤት እንዲኖረው ያደረገውም ይኸው ነው፤ የ1940ው የትምህርት ግብራችን እንከን ባሕር ማዶም አለ። ኬንያ ከነጻነት በኋላ በሐራምቤ መዋጮ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠርታ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር፣ ለየምርጫ ክልሉ ከብሔራዊ ገቢ የተወሰነ ድርሻ በሕግ መደበች፤ ብዙ ክፍሎች የተሠሩት በእሱ ነው። ፖለቲከኞቹ ሰሌዳው ላይ ስማቸውን መጻፋቸው አልቀረም፤ ገንዘቡ ግን በየዓመቱ ይመጣል።

በጥር 2017 የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል፤ ከከተማ ቦታና ሕንፃ የሚሰበሰብ ነው። አዳማን ለመሰለች ከተማ ከ1940 ወዲህ ለትምህርት ቤት የሚሆን ቋሚ ከረጢት የሚሰፋበት ዕድል ከዚህ የተሻለ አልመጣም። የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ፣ በጀት የሚያጸድቀው እዚያው አዳማ፣ ገልማ አባ ገዳ ውስጥ በመሆኑ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እኔ ብጠየቅ ከታክሱ ጥቂት መቶኛ ለጥገና ብቻ ተለይቶ እንዲቀመጥ፣ አዲስ ብሎክ እንዳይሠራበትም እንዲከለከል፣ ክፍፍሉ በተማሪ ቁጥር ሆኖ የገንደ ሐራ ሰፈር ልጅ ከመሀል ከተማው እኩል እንዲያገኝ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ጣሪያ፣ ሽንት ቤትና የፍሎራይድ ማጣሪያ ላይ ቢያልቅ ይበቃል፤ ለምረቃ ሪባን ላያስቆርጥ ይችላል።