የቀጥቃጩ ልጅ በመምህሩ ፊት፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ታሪክ



ስለ አድልዎ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሩቅ አገር ምሳሌ እንጠቅሳለን። እኔ ግን ዛሬ ማስረጃዬን የማቀርበው ከዚሁ ከአካባቢያችን ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ የብረት ሥራ መንደር አቋቁመው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ማሠራታቸው የታወቀ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህ 70 ኩንታል ገደማ እንደሚመዝን የሚነገርለት መድፍ በጋይንት በኩል፣ የጨጨሆን ገደል ተሻግሮ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወደ መቅደላ ተጓዘ። በጋፋት ብረት ያቀለጡት አውሮፓውያን በንጉሡ ዘንድ ከበሬታና ሽልማት ነበራቸው። በዚያው ዘመን ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጠው ያገሬው ሰው ግን ጠይብ፣ ቡዳ ይባል ነበር። ሥራው አንድ ሲሆን ስሙ ሁለት ሆነ። ስለዚህ ንቀቱ ከእሳቱና ከመዶሻው የመጣ አይደለም።

አንዱ ሥሩ መሬት ነው። ርስት በዘር ሐረግ በሚወረስበት ሥርዓት፣ ከርስት የተገለለው ቤተ እስራኤል፣ በብዙ ቦታም ሙስሊሙ፣ በእጅ ሥራና በንግድ ለመኖር ተገደደ። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ አያርስም፤ እመቤቲቱም ያለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ እንጀራ አትጋግርም። ሆኖም ይህ ፈላጊነት ምስጋናን ሳይሆን ፍርሃትን ወለደ፤ ሕፃን በታመመ ቁጥር የሚጠረጠረው ባለ እጁ ሆነ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከለከሉ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሻረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ስድቡ ግን ከሕግ ይልቅ ዕድሜ አገኘ፤ የሚወረሰው በምድጃ ዳር ጨዋታና ለጋብቻ አጥንት በመቁጠር ነውና።

ባለርስት ከነበረ ቤተሰብ የተወለደ መምህር አጥንቱን ተጠይቆ አያውቅም። አለመጠየቁ ራሱ ሳይደክምበት የወረሰው ሀብት ነው። ሀብቱን ካላወቀ፣ የቀጥቃጩ ልጅ በክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣው ለምን እንደሆነ አይገባውም፤ ዝምታውን ስንፍና ብሎ ይመዘግበዋል።

አካባቢያችን የታላላቅ ጉባኤ ቤቶች አገር ነው። የድጓ ምስክር ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ዙር አምባ ከሩቅ የመጣውን፣ ቁራሽ እየለመነ የሚማረውን ተማሪ በዕውቀቱ መዝነው አስመርቀዋል። ያ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ቤት ነበር፤ የእናንተ ክፍል ግን የሁሉም ልጆች ቤት ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ከዚያ የሰፋ እንጂ የጠበበ ሊሆን አይገባም።

ጋፋትን ስታስተምሩ የመንደራችሁን ማረሻ ማን እንደሠራው ጠይቁ። ማን ከማን ጋር እንደማይቀመጥ፣ በማን ኩባያ ውኃ እንደማይጠጣ አስተውሉ። በዕረፍት ሰዓት «ቡዳ» የሚል ቃል ስትሰሙ እንዳልሰማ አትለፉ። የተሰደበው ልጅም፣ የሰደበውም ልጅ፣ ከዝምታችሁ ይማራሉ።