ጠያቂዋ ስሟን ሳትጽፍ

ሰው የከበደውን ነገር ለማያውቀው ሰው ጽፎ ልኮ፣ መልሱን በታተመ ወረቀት ላይ ከሌላው አንባቢ ጋር እኩል የሚያነብበት አሠራር ከተጀመረ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በጎንደር አድያም ሰገድ ኢያሱ በነገሡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1691፣ ጆን ደንተን የተባለ የለንደን መጽሐፍ አሳታሚ «አቴኒያን ጋዜት» የሚል አንድ ቅጠል ወረቀት አወጣ። ስሙም ወዲያው «አቴኒያን መርኩሪ» ተብሎ ተለወጠ። የአቴና ስም የመጣው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ የአቴና ሰዎች አዲስ ነገር ለመስማትና ለማውራት እንደሚተጉ ስለተጻፈ ነው። ወረቀቱ ከጥያቄና ከመልስ በቀር ሌላ ነገር እምብዛም አልነበረውም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሁለቴ እየወጣ እስከ 1697 ቆየ።

ደንተን በ1705 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ እንደተረከው፣ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ጠያቂውን ደብቆ ጥያቄውን መመለስ ነበር። ቁልፉን ገና ከጅምሩ አግኝቶታል እንላለን። ሰው ዝም የሚለው ጥያቄ ስለሌለው አይደለም፤ «ይህንን እንኳ አታውቅም?» መባልን ስለሚፈራ ነው። ደብዳቤዎቹ የሚላኩት ስሚዝ ወደተባለ ቡና ቤት ነበር። ቡና ቤት ተቀምጦ የሚከራከረው በአብዛኛው ወንድ ነው። ይሁን እንጂ ከ1680 ጀምሮ በለንደን ውስጥ ደብዳቤን በአንድ ፔኒ የሚያደርስ ፖስታ ስለነበረ፣ አንዲት ሴት ቡና ቤቱን ሳትረግጥ ጥያቄዋን ማስገባት ትችል ነበር።

አስገቡም። ወረቀቱ በወጣ ጥቂት ጊዜ ውስጥ አንዲት ሴት፣ እንደ ወንዶቹ ሴቶችም መጠየቅ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ጽፋ ላከች። ለመጠየቅ ፈቃድ መጠየቅ! ይህ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። መልሱ «አዎ» ሆነ፤ ከዚያም በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ ለሴቶች ጥያቄ እንዲሆን ተወሰነ። ሴት ልጅ መማር ይገባታል ወይ የሚለው ጥያቄም በዚሁ ወረቀት ላይ ቀርቦ መልስ አግኝቷል።

ስለ ማክሰኞዋ ግን ሁለት ልብ ነን። ቀን መስጠት በር መክፈት ነው፤ አጥር ሊሆንም ይችላል። በ1693 «ሌዲስ መርኩሪ» የተባለ ለሴቶች ብቻ የታሰበ ወረቀት ሲወጣ የሚቀበለው ስለ ፍቅር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ አለባበስና ስለ ጠባይ የሚጠየቀውን ነበር። አራት ጊዜ ታትሞ ቆመ። ስለ ገንዘቧ ወይም ስለ ተፈጥሮ ማወቅ የምትፈልገው ሴት በዚያ ወረቀት ቦታ አልነበራትም።

ሒሳብ ለምንሠራው ይበልጥ የሚማርከን ግን የመዝገብ አያያዙ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ቁጥር አለው፣ በውስጡ ያለው ጥያቄም ቁጥር አለው። ሠላሳ ወረቀት ሲሞላ ከማውጫ ጋር ተጠርዞ እንደ አንድ ቅጽ ይሸጣል። ደንተን ነጋዴ ነውና አንዱን ሥራ ሁለቴ መሸጡ ነው፤ አንባቢውም ቢሆን አልተጎዳም። አስቀድሞ የተመለሰ ጥያቄ ሲመጣ እንደገና ከመጻፍ ይልቅ ያለፈውን ቁጥር ይጠቁሙት ነበር። ማውጫ ባይኖር ኖሮ ይህ አይቻልም፤ የትናንቱ መልስ ከትናንቱ ወረቀት ጋር በጠፋ ነበር። የተመረጡት መልሶች ከ1703 ጀምሮ በመጽሐፍ መልክ እንደገና የታተሙትም ተፈልገው መገኘት ስለቻሉ ነው።

ያልወደድንላቸው አንድ ነገር አለ። መልሱን የሚሰጠው የብዙ ሊቃውንት ማኅበር ነው ይባል እንጂ፣ በእርግጥ የሚጽፉት ደንተን ራሱ፣ የሒሳብ ሰው የነበረው ሪቻርድ ሶልትና ቄሱ ሳሙኤል ዌስሊ ነበሩ። አልፎ አልፎ ጆን ኖሪስ ያግዛቸዋል። የደንተንና የዌስሊ ሚስቶች ደግሞ እህትማማቾች ናቸው፤ ማኅበር ከሚባል ቤተ ዘመድ ቢባል ይቀላል። በኋላ ስመ ጥር የሆነው ጆናታን ስዊፍት እንኳ በ1692 ይህንኑ ማኅበር የሚያወድስ ግጥም ልኮ ታትሞለታል፤ ከታተሙለት ግጥሞች የመጀመሪያው ነው። የጠያቂዋ ስም መደበቁ እሷን ይጠብቃታል፤ የመላሹ ስም መደበቁ ማንን ይጠብቃል? ሰው በመልስ ተማምኖ ገንዘቡን ወይም ትዳሩን የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ መልሱን ማን እንደሰጠው ማወቅ አለበት።

የማኅበራችን የጥያቄ መዝገብ የተከፈተው ይህንን ካነበብን በኋላ ነው። ጥያቄው ያለ ስም በሣጥን ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ መልሱ ሥር ግን የመለሰችው ሰው ትፈርማለች። ማውጫውን በፊደል ተራ አላደረግነውም፤ እህቶቻችን በሚናገሩበት ቃል ነው፦ «ዋስ»፣ «ቅጣት»፣ «ደብተር ሲጠፋ»፣ «ከማኅበር ስወጣ»። «የብድር ዋስትና ግዴታ» ብለን ብንጽፈው የሚያገኘው የለም። ማንበብ ለማይችሉት አባሎቻችን በየስብሰባው ሦስት ጥያቄ ከነመልሱ በድምፅ ይነበባል። ይህ በደንተን ወረቀት ያልነበረ፣ የራሳችን ጭማሪ ነው።

እስካሁን ደጋግሞ የገባው «ዋስ የሆንኩላት ሴት መክፈል ብታቆም ከእኔ ቁጠባ ይቆረጣል ወይ?» የሚለው ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት መልሱ «አዎ፣ ይቆረጣል» ነው። ከወረቀቶቹ አንዳንዶቹ የገቡት ጠያቂዎቹ የዋስትና ቅጹን ከፈረሙ በኋላ እንደነበረ ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። አሁን ይህ ጥያቄ ከነመልሱ በቅጹ ጀርባ ታትሟል፤ ከመፈረም በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ የምትፈርመዋም ሌላ ጥያቄ እንዳላት ትጠየቃለች።