አለቃ ታዬ በበርሊን

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1905 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክ ተልከው በርሊን ገቡ። ተወልደው ያደጉት በበጌምድር ይፋግ ሲሆን ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙት ምፅዋ አጠገብ በነበረው የምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በርሊን በገቡበት በ1905 በፍሪድሪኽ ሮዘን የተመራው የጀርመን መልእክት አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ ጀርመኖች አማርኛና ግእዝ የሚያስተምር ሊቅ ፈለጉ።

የተመደቡት በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሥር በ1887 በተቋቋመው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም ነው። ተቋሙ የተርጓሚና የቆንስላ ሰው ማሠልጠኛም ስለነበር ጥያቄው የሊቃውንት ጉጉት ብቻ አልነበረም። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ጀርመናዊውን ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍን ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በጀርመኗ ጎታ ከተማ የሰነበቱት በ1652 በሞቃቱ ወራት ነበር። አለቃ ታዬ ግን የሰሜኑን ብርድ ደጋግመው አሳለፉ። በታኅሣሥ በርሊን ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ለይፋግ ሰው ይህ ቀን አይባልም።

አብረዋቸው ከሠሩት አንዱ ኦይገን ሚትቮኽ በ1907 ከሕዝብ አፍ የተወሰዱ የአማርኛ ጽሑፎችን አሳተመ፤ የአለቃ ታዬ ቃል የመጽሐፉ ዋና ምንጭ ነው። አለቃው በ1908 ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተሰኘው መጽሐፋቸው በ1922 አሥመራ ታተመ።