አሮጌ ከርነል፣ ትክክለኛ ሰዓት

ከለገሃር እስከ ወሎ ሰፈር ባለው የአዲስ አበባ ክፍል የሰዓት ነገር የቆየ ታሪክ አለው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በነጠላ ሐዲድ ለሚመላለስ ባቡር የጣቢያዎች ሰዓት መስማማት የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ሕዝቡ ግን ቀኑን ከንጋት ጀምሮ መቁጠሩን አልተወም። ዛሬም ወሎ ሰፈር ባለ ቢሮ ኮምፒውተሩ 9፡00 ሲያሳይ ሠራተኛው ሦስት ሰዓት ሆነ ይላል፤ ኮምፒውተሩ በሊነክስ ስርዓተ ክወና የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከሥር የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ነው። አዲሱ ልኬት የነበረውን ሳያፈርስ ገባ። የኮምፒውተር ሰዓት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል፤ አዲስ ችሎታን ከአሮጌ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ጋር ማዛመድ የችግር ጊዜ መላ ሳይሆን ራሱን የቻለ ምህንድስና ነው።

የኔትወርክ ሰዓት ፕሮቶኮል (ኤንቲፒ) ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኢንተርኔት ላይ ሰዓትን በሚሊሰከንዶች ደረጃ ሲያስማማ ኖሯል። ለ5ጂ ግን ይህ አይበቃም። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያስጀመረውን የመሰለ ኔትወርክ፣ በአንድ ድግግሞሽ መላክና መቀበልን በተራ ሲያደርግ፣ የማማዎቹ ሰዓት ከ1.5 ማይክሮሰከንድ በላይ እንዲዛነፍ አይፈቀድም፤ ካለዚያ አንዱ ሲልክ ጎረቤቱ የሚቀበለውን ያውካል። ለእንዲህ ያለ ትክክለኛነት የተበጀው የትክክለኛ ሰዓት ፕሮቶኮል (ፒቲፒ) ነው። ምሥጢሩ መልእክቱ በኔትወርክ ካርዱ በኩል ሲያልፍ፣ የሶፍትዌሩ ወረፋ ሳያዛባው፣ ካርዱ ራሱ ሰዓቱን መመዝገቡ ነው። የሊነክስ ከርነል ለእነዚህ የካርድ ሰዓቶች የጋራ መዋቅር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ3.0 ስሪት ነው። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊነክስ 6 ግን በቀደመው ዓመት በ2.6.32 ላይ ተመሥርቶ ወጥቶ ነበር። አምራቹ ሬድ ሃት ተጠቃሚውን ከርነል ቀይር አላለውም፤ ፒቲፒን ወደዚያው ከርነል አምጥቶ በ6.4 ለሙከራ አቀረበው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው በ6.5 ሙሉ ድጋፍ ሰጠው።

ለምን አዲሱን ከርነል አይጭኑም የሚል ጥያቄ ይነሳል። ባንክ ወይም ቴሌኮም አገልጋዩን የሚያምነው ከነድራይቨሩና ከነሶፍትዌሩ ስለተፈተነ ነው፤ ከርነሉ ሲቀየር ፈተናው ከዜሮ ይጀመራል። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ የስሪት ቁጥሩ 2.6.32 እያለ ውስጡ ሌላ ከሆነ፣ ቁጥሩን ያየ ሁሉ ይሳሳታል። እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን የተጨመረውን እያንዳንዱን ለውጥ በግልጽ መመዝገብ ነው። ካርዱ ራሱ ሰዓት መመዝገብ ካልቻለም የትኛውም የተዛመደ ኮድ አያድነውም።

ስለዚህ አሮጌ አገልጋይ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ግዢ ከመጠየቃቸው በፊት ካርዳቸውን ይፈትሹ፣ መዛነፉን ይለኩ፣ የለውጥ መዝገቡን ያንብቡ። አሮጌው ከርነል የሚያሳፍረው ምን እንደተጨመረበት የሚያውቅ ሲጠፋ ብቻ ነው።