«ቼንጅ» በአማርኛ ስንት ነው?

የእንግሊዝኛው «ቼንጅ» በክፍል ውስጥ ሲመጣ አብዛኞቻችን መምህራን ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ለውጥ» ብለን ጽፈን እናልፋለን። ተማሪውም ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ገጽ አልፎ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ልጅ ሱቅ ገብቶ «ቼንጅ» ሲጠይቅ ተማሪያችን «ለውጥ ስጠኝ አለው» ብሎ ይተረጉማል። ባለሱቁ እኮ የተጠየቀው ዝርዝር ሳንቲም ነው!

እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠራውን እኛ በብዙ ቃል ነው የምንጠራው። ትልቁን ብር ስንበትን ዘረዘርን እንላለን፤ ከፍለን የሚመለስልን መልስ ነው፤ የውጭ ገንዘብ ከሆነ ምንዛሪ ነው። የሚቀየር ልብስ ቅያሪ ነው። የመኪና ዕቃ ሲሆን መለዋወጫ፣ መስከረም ሲጠባ ዘመን መለወጫ፣ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ደግሞ ተለዋዋጭ ይባላል። ሐኪም «ለውጥ አለው» ካለ በሽተኛው ተሽሎታል ማለት ነው። እዚህ ኒው ሀልፋ ገበያ ደግሞ ዓረብኛው ይጨመርበታል፤ ዝርዝሩ «ፈካ»፣ ለውጡ «ተግዪር» ነው። «ቀየረ» የሚለው ቃላችንና የዓረቦቹ «ገየረ» ድምፃቸውም ፍቺያቸውም ተቀራራቢ መሆኑን ልብ ያላለ የድንበር ልጅ ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ የተራራቁ ነገሮች በእንግሊዝኛ አንድ ቃል የሆኑት ከመነሻው የተነሳ ነው። «ቼንጅ» በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ሲሆን፣ ከኋላው ያለው የላቲኑ «ካምቢያሬ» ዕቃ በዕቃ መለዋወጥ ማለት ነው። ገበያ ውስጥ ያደገ ቃል ነው ማለት ይቻላል። የእኛም «ለወጠ» ገበያውን አልረሳም። «በሬውን በላም ለወጠ»፣ «እህሉን በጨው ለወጠ» ይባላል። አሞሌ ጨው በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለግል በነበረበት ዘመን ይሄ የዕለት ተዕለት ንግግር ነበር።

እዚህ ላይ የሰዋስው ተማሪዎች አንዲት ፊደል እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ «በ»ን። በገበያው አነጋገር «ለወጠ» ስንል «ምኑን?» እና «በምን?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይመጣሉ። የሰጠም የተቀበለም ሰው አለ ማለት ነው። «ውሃው ወደ በረዶ ተለወጠ» ስንል ግን «በ» የለችም፤ ነገሩ ራሱ ሌላ ሆነ እንጂ ማንም ለማንም የሰጠው የለም። የመንግሥትና የቢሮ ቋንቋ ይሄኛውን ሁለተኛውን አነጋገር ይወዳል። «ለውጥ መጣ» ይባላል፤ በምን እንደተለወጠና ማን እንደከፈለ ሳይነገር ይቀራል። ታሪካችንን በዚህች በአንዷ ፊደል መመርመር ይቻላል ባይ ነኝ።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ነጂዎች፣ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወታደሮች በተነሱ ጊዜ የሁሉም አፍ ላይ የነበረው ቃል ለውጥ ነበር። ወዲያው ግን ቃሉ ብቻውን አልበቃ ብሎ ቅጽል ተቀጠለለት። የልጅ እንዳልካቸው መኰንን ካቢኔ የሚሞክረው «ጥገናዊ ለውጥ» ነው ተባለ፤ አሮጌውን ቤት ለስኖ ማቆየት እንደማለት። ተማሪዎቹና ምሁራኑ የፈለጉት «ሥር ነቀል ለውጥ» ነበር። አንደኛው ከግንበኛ፣ ሌላው ከገበሬ የተወሰደ አነጋገር መሆኑ ይገርመኛል። በዚያው ሰሞን «አብዮት» ተስፋፋ፤ ከግዕዙ «አበየ»፣ እምቢ አለ፣ የወጣ ቃል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጣ። እዚህ ላይ «በምን?» የሚለው ጥያቄ ቁልጭ ያለ መልስ ነበረው፤ ባለርስቱ ሰጠ፣ ጭሰኛው ተቀበለ። ከዚያ በኋላ በቀይ ሽብርና በጦርነቱ የተከፈለው ግን በአዋጅ አልተጻፈም። በ1969 ዓ.ም. የንጉሡ ምስል ያለበት ብር በአዲስ ብር ሲተካ ሕዝቡ ያንንም «የብር ለውጥ» አለው።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ቃል መርጧል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ «ሽግግር»፣ በ1993 ዓ.ም. «ተሃድሶ»፣ በ2010 ዓ.ም. እንደገና «ለውጥ»። ዓመት ሳይሞላ ሱዳንም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ተነሳች፤ ሰልፉን የመራው ስብስብ ስም ውስጥም «ተግዪር» ነበረበት፤ የነጻነትና የለውጥ ኃይሎች ይባል ነበር። ሁለቱም አገሮች ከዚያ በኋላ ጦርነት ውስጥ ገብተዋል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሱዳን በ2023።

አሁን ወደምንኖርበት ቦታ ልመለስ፤ ኒው ሀልፋ ስሟ ራሱ ትምህርት ነው። «አዲስ» ካለ «አሮጌ» አለ ማለት ነውና። አሮጌዋ ሀልፋ በሰሜን፣ በግብፅ ድንበር ላይ፣ ዓባይ ዳር የነበረችው ዋዲ ሀልፋ ናት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1959 ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውሃ ለሁለት ሲከፋፈሉ (ኢትዮጵያን የጠየቃት አልነበረም) የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እንዲሠራ ሱዳን ተስማማች፤ ለሚሰጥመው አገርም 15 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ ካሣ ተቆረጠ። ኑቢያውያኑ ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ ትሄዳላችሁ በተባሉ ጊዜ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1960 ሰልፍ ወጡ፤ ተቃውሞው ካርቱም ድረስ ደረሰ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. ከጥር 1964 ጀምሮ 50 ሺህ ያህል ሰው በባቡር እየተጫነ ወደዚህ ሜዳ መጣ። እምቢ ብለው የቀሩም ነበሩ፤ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ኋላ እያፈገፈጉ የዛሬዋን ዋዲ ሀልፋ ሠርተዋል።

ልውውጡን በገበያ ቋንቋ እንቁጠረው። የሰጡት የተምር ዛፍ፣ የወንዝ ዳር ቤት፣ የአያቶች መቃብር። የተቀበሉት በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች፣ በመስኖ የሚለማ 15 ፈዳን ይዞታ ከነጥጡ፣ ከነስንዴውና ከነለውዙ። ሜዳው ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ የሹክሪያ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መሬት ነበር። እነሱ ምን ተቀበሉ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ኑቢያውያኑ ያንን ዘመን በዓረብኛ ሲጠሩ «ተግዪር» አይሉትም፤ «ተህጂር» ነው የሚሉት፤ ከአገር ማስወጣት። ስም ካወጡለት አይቀር እንዲህ በግልጽ ማውጣት ነው። ሜዳውን የሚያጠጣው የአትባራ ውሃ ከእኛው ከፍታ የሚወርድ ነው፤ ከጎንደር በኩል የሚመጣው አትባራና ተከዜ (እዚህ ሴቲት የሚሉት) ተገናኝተው ነው ግድቡ የሚደርሱት። ይዘውት የሚመጡት ደለል ግድቡን እየሞላው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የመያዝ አቅሙን ግማሽ ያህል በልቶበታል። አፈራችን ከእኛ ቀድሞ ተሰድዷል ማለት ነው።

ቃሉ በስደተኛው ሕይወት ላይ የፈረደበት ጊዜም አለ፤ የታሪክ ተማሪዎች በተለይ ይሄን ቢይዙት እወዳለሁ። የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 1 ክፍል «ሐ» ቁጥር 5፣ ሰውዬው ስደተኛ የተባለበት ሁኔታ መኖሩ ካቆመ ከለላው እንደሚያበቃ ይናገራል። አንቀጹ ውስጥ «ቼንጅ» የሚል ቃል የለም። ቃሉ ጎልቶ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ቁጥር 69 ውሳኔ ላይ ነው። እዚያ ሦስት ቅጽል ተጨመረለት፤ በትውልድ አገር የታየው ለውጥ መሠረታዊ፣ የተረጋጋና ዘላቂ መሆን አለበት ተባለ። የእኛ የ1966ቱ «ጥገናዊ» እና «ሥር ነቀል» ክርክር በጄኔቫ ቋንቋ የተመለሰ ይመስላል።

ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999፣ ከ1991 በፊት የደርግን መንግሥት ሸሽተው ለወጡ ኢትዮጵያውያን ይሄ አንቀጽ እንደሚሠራባቸው አስታወቀ። ከየካቲት 22 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2000) ጀምሮ በጅምላ ስደተኛ መባላቸው ቀረ። ገዳሪፍና ከሰላ አካባቢ ለነበረው ሰው ነገሩ የወረቀት ጉዳይ አልነበረም። ልጁን እዚህ የወለደ፣ ሰሊጥ ማሳ ላይ ያረጀ ሰው «አገርህ ተለውጧል፣ ግባ» ተባለ። አሁንም የምፈራው አለኝ የሚል በግል ቀርቦ እንዲያስረዳ ተፈቅዶ ነበር። እንዲህ ላለ ሰው «ለውጥ» የሚለውን ቃል አፍታቶ መናገር መቻል፣ ምን ተለወጠ፣ ምን አልተለወጠም፣ የእኔ ቤት፣ መሬቴና ጠላቴስ ብሎ መዘርዘር መቻል፣ የወደፊት ኑሮውን የሚወስን ችሎታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመሳሳይ ማስታወቂያ ለኤርትራውያን ወጣ፤ ተፈጻሚነቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር።

በዚህ ምክንያት ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ «ቼንጅ»ን በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዳንጨርሰው ነው። ተማሪው ዝርዝሩን፣ ቅያሪውን፣ ምንዛሪውን ለይቶ ካወቀ በኋላ «ምን በምን?» የሚለውን ጥያቄ በሦስቱም ቋንቋዎች ይለማመደው። ለምሳሌ የሚሆን ታሪክ በአካባቢያችን ሞልቷል። በገዳሪፍ ግዛት ያለው ኡም ራኩባ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን የመጡ ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት ካምፕ ነበር፤ አንቀጹ ሥራ ላይ በዋለበት በ2000 ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድንበር ሲያሻግር፣ እንደገና የተከፈተው ያው ኡም ራኩባ ነው።