ጠቡ እውነት፣ ፍርሃቱ ሕመም፦ የሎንግ ቫሊ የፈረስ ጋጣ ክስ ያስነሣው የሕግ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 2019 በኒው ጀርሲ፣ ሎንግ ቫሊ በሚገኝ የፈረስ ማሠልጠኛ ግቢ አንዲት ፈረሰኛ በሁለት ጥይት ደረቷን ተመታች። ተኳሹ ማይክል ባሪሶን ይባላል። በ2008ቱ ኦሎምፒክ የአሜሪካ የድሬሳዥ (የፈረስ ግልቢያ ስልት ውድድር) ቡድን ተጠባባቂ የነበረ ስመ ጥር አሠልጣኝ ነው። የተመታችው ተማሪው ስትሆን በዚያው ግቢ ባለ ቤት ትኖር ነበር፤ ከሞት ተርፋለች።

ከተኩሱ በፊት በአሠልጣኙና በተማሪዋ መካከል ጠብ ነበር። የፈረስ ጋጣ ጠብ ለምን ይህን ያህል ይከርራል? በእኛ አጠራር ባልደራስ ልንለው የምንችለው ሰው እዚህ አሠልጣኝም፣ የጋጣ አከራይም፣ ጎረቤትም ነው። ተማሪዋ ልቀቂ ስትባል ፈረሶቿን፣ ሥልጠናዋንና መኖሪያዋን በአንድ ጊዜ ታጣለች። አሠልጣኙ ደግሞ እምቢ ካለችው ሰው ጋር ጠዋት ማታ ፊት ለፊት ይገናኛል። የሚሸሽበት ቦታ የለም። ከተኩሱ በፊት በነበሩት ቀናት ፖሊስ ደጋግሞ ተጠርቶ ነበር፤ ጠቡ ግን አልበረደም።

በ2022 እዚያው ኒው ጀርሲ፣ ሞሪስታውን በተሰማው ክርክር ተከላካዮቹ ሁለት ነገር አቀረቡ። አንደኛው የግል ተበዳይዋ በማኅበራዊ ሚዲያ ያሠራጨቻቸው ጽሑፎችና በጋጣው ውስጥ የተቀዱ ድምፆች ሲሆኑ፣ እነዚህ ሰውየውን አስጨንቀዋል ተባለ። ሁለተኛው የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ምስክርነት ነው፦ ተከሳሹ ከእውነታ የራቀ ጽኑ እምነት የሚያሳድር ሕመም አለበት አሉ። ዐቃቤ ሕግ በራሱ ባለሙያ ይህን ተከራከረ።

በእኔ እምነት ችግሩ ያለው በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መጋጠሚያ ላይ ነው። ማስጨነቁ እውነት ከሆነ ፍርሃቱ መሠረት ነበረው፤ መሠረት ያለው ፍርሃት ደግሞ በራሱ ሕመም አይባልም። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ እውነተኛ ትንኮሳ የታመመ አእምሮ ውስጥ ሲገባ «ሊገድሉኝ ነው» ወደሚል እምነት ሊያድግ ይችላል። ያ የሚሆነው ግን ጽሑፎቹና ቅጂዎቹ የተከሳሹን አእምሮ ለማሳየት ብቻ ሲያገለግሉ ነው። በአደባባይ ውይይት የሆነው ሌላ ነው። ሰዎች ማስረጃውን በተበዳይዋ ጠባይ ላይ እንደ ተሰጠ ፍርድ ወሰዱት፤ በጥይት የቆሰለች ሴት ተከሳሽ መሰለች። ይህ ከባድ ስሕተት ነው። የአእምሮ ሕመም መከላከያ የሚጠይቀው አድራጊው ድርጊቱን ማወቅ አለማወቁን እንጂ ተበዳዩ ደግ ሰው መሆን አለመሆኑን አይደለም።

የኒው ጀርሲ ሕግ መለኪያውን የወረሰው ከ1843ቱ የእንግሊዝ የማክናተን ደንብ ነው፦ ተከሳሹ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት አላወቀም፣ ወይም ስሕተት መሆኑን አልተረዳም ነበር? ይህን የማስረዳት ሸክም የተከሳሹ ነው፤ ማስረጃው ሚዛን ቢደፋ ይበቃዋል። ኤፕሪል 14 ቀን 2022 ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፍርድ ሰጪዎች) ተማሪዋን ለመግደል በመሞከር በተመሠረተው ክስ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም አለ። በቦታው የነበረውን የወንድ ጓደኛዋን በሚመለከተው የግድያ ሙከራ ክስ ደግሞ በቀጥታ ነፃ አወጣው።

ብዙዎች ውሳኔውን «በነፃ ተለቀቀ» ብለው ተረዱት። ያን ጊዜ አልተለቀቀም፤ ወደ አእምሮ ሕክምና ተቋም ተወሰደ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 በክሮል ጉዳይ በሰጠው ፍርድ መሠረት እንዲህ ያለው ሰው የሚያዘው ከሕመሙ የተነሣ ለራሱ ወይም ለሌላው አደገኛ ከሆነ ነው፤ መያዙም በየጊዜው በዳኛ ይመረመራል።

የእኛ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 የድርጊቱን ምንነትና ውጤት መረዳትን ብቻ ሳይሆን በዚያ ግንዛቤ መሠረት ራስን መግዛትንም ይመዝናል። በዚህ መለኪያ የሎንግ ቫሊ ክርክር መልኩ በተለወጠ ነበር፤ ሰውየው ያውቅ ነበር ወይ ከሚለው ጎን ቁጣውን ሊገታ ይችል ነበር ወይ የሚለውም በተነሣ። የእኛ ዳኛም ለየትኛው ጥያቄ ምን መልስ እንደ ሰጠ በፍርድ ሐተታው ባሰፈረ። የሞሪስታውን ጁሪ ግን ምክንያቱን አልጻፈም። የባለሙያዎቹን ቃል አምኖ መወሰኑ ወይም ለተጨነቀው ሰው አዝኖ መወሰኑ ከመዝገቡ አይነበብም።