ላሟና የሜዳ አህያዋ፦ የአንድ ክስ ታሪክ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምሥራቅ አፍሪካ የዱር እንስሳት ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ ክስ እሰማለሁ። «አርብቶ አደሩ ነው የጨረሳቸው፤ ከብቱ ሣሩን በላው፣ አውሬው ጠፋ» ይባላል። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። እንደኔ ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ላም በዚያ ሜዳ ላይ መጋጥ የጀመረችው መቼ ነው? ትናንት ነው እንዴ?

አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኬንያ፣ ናሮክ በሚባለው አካባቢ፣ የጥንት አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያጎሩባቸው አምስት ቦታዎች ተቆፍረው ተጠንተዋል። ዕድሜያቸው ከ1,500 እስከ 3,700 ዓመት ገደማ ነው። ውጤቱ በ2018 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ወጣ። ምን አገኙ መሰላችሁ? በረት የነበረበት አፈር፣ ይህን ሁሉ ዘመን አልፎም፣ ዛሬ ከዙሪያው የበለጠ ለም ነው። ለምለም ሣር ይበቅልበታል፤ የዱር እንስሳትም ሣሩን ፍለጋ እዚያው ይሰበሰባሉ። «የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ» እያልን ፎቶውን የምናደንቀው መስክ ከፊሉ የላም እበት ያለማው ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ እኛንም ይነካል። በ1887 ገደማ የኢጣሊያ ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር አንድ በሽታ ገባ። አባቶቻችን «ደስታ» ብለው የሰየሙት ነው፤ ክፉውን ነገር በደግ ስም መጥራት ልማዳችን አይደል! አገሪቱን ዳር እስከ ዳር አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። አራሹ በሬ አጣ፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ረሃቡ ተከተለ። በኛ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ያለውን ዘመን «ክፉ ቀን» የምንለው ለዚህ ነው።

በትምህርት ቤት ታሪኩን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ እናቆመዋለን። በሽታው ግን አላቆመም። ወደ ደቡብ ወረደ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የማሳዮችን ከብት ፈጀ፤ በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ደቡብ አፍሪካ ገሰገሰ። ማሳዮችም ለዚያ ዘመን የራሳቸው ስም አላቸው፤ «ኢሙታይ» ይሉታል፣ እልቂት እንደማለት ነው። ከላሟ ጋር ጎሹም ዊልደቢስቱም አለቁ። (ዊልደቢስት ያ በፊልም ወንዝ ሲሻገር የምታዩት ጢማሙ እንስሳ ነው።)

እንግዲህ ቅኝ ገዢዎች አካባቢውን የተቆጣጠሩት ይህ ሁሉ በሆነ ማግስት ነው። ያገኙት ሜዳ ሰውም ከብትም የተመናመነበት ሜዳ ነበር። «ባዶ ምድር» አሉት። በ1904 እና በ1911 ማሳዮችን በውል ስም ከሰፊ ግጦሻቸው አነሷቸው። አርብቶ አደሩ በገዛ አገሩ እንደ መጤ የሚታይበት ዓይን ሥር የሰደደው ያኔ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉልኝ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ በሰሬንጌቲ ዙሪያ ያሉ ከብቶች የደስታ በሽታ ክትባት ተከተቡ። ዊልደቢስቱን የከተበ ማንም የለም፤ የተከተበችው ላሟ ናት። ሆኖም በሽታው ከዱሩም ጠፋ። በ1961 ወደ 260 ሺህ ይጠጋ የነበረው የሰሬንጌቲ ዊልደቢስት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ላሟ ስትታመም አብረው አለቁ፤ ላሟ ስትድን አብረው ዳኑ።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? እዚህ ላይ ኬንያዊውን የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ጆሴፍ ኦጉቱን ላስተዋውቃችሁ። በጀርመን ሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ፣ ዕድሜውን በቆጠራ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። የኬንያ መንግሥት ከ1977 ጀምሮ የግጦሽ ምድሩን፣ ማለትም ከአገሪቱ 88 በመቶውን፣ በአነስተኛ አውሮፕላን ሲያስቆጥር ኖሯል። አውሮፕላኑ ከመሬት 120 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀጥ ባለ መስመር ይበራል። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ቆጣሪዎች በግራና በቀኝ ያዩትን በድምፅ ይቀዳሉ፤ መንጋው ከበዛ ፎቶ ያነሱና በኋላ ከፎቶው ላይ ይቆጥራሉ። የዱሩንም የቤቱንም እንስሳ እኩል ይቆጥራሉ። የመዝገቡ ዋጋም እዚህ ላይ ነው።

ኦጉቱና ባልደረቦቹ ይህን የአርባ ዓመት መዝገብ አገላብጠው በ2016 ያወጡት ውጤት ያስደነግጣል። ከ1977 እስከ 2016 የዱር እንስሳቱ ቁጥር በአማካይ በ68 በመቶ ወርዷል። ከርከሮ፣ አምባራይሌ፣ ሳላ፣ ቆርኬ፣ ኢምፓላ የመሳሰሉት ከ72 እስከ 88 በመቶ ቀንሰዋል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በስጦታ የላኳት፣ በስሙም የተጠራችው የግሬቪ የሜዳ አህያ ከነዚሁ ጋር ናት።

ከብቱስ? «ከብት በዛ» የሚለው ክስ እዚህ ላይ ይፈተናል። የላምና የበሬው ቁጥር በዚያው ዘመን በ25 በመቶ ቀንሷል! የጨመረው በግና ፍየል ነው፤ በ76 በመቶ። ግመልም 13 በመቶ ጨምሯል። በጠቅላላው በ1977–80 የቤት እንስሳቱ ክብደት ከዱሩ 3.5 እጥፍ ነበር፤ በ2011–13 ግን 8.1 እጥፍ ሆኗል።

ስለዚህ የቤት እንስሳት ድርሻ የላቸውም አልልም፤ አላቸው። በላይኪፒያ በአጥር ተከልሎ የተደረገ ሙከራም በጋ ላይ ላሟና የሜዳ አህያዋ በሣር እንደሚሻሙ አሳይቷል። ግን ያው ሙከራ ሌላም ነገር አሳየ፤ በዝናብ ወቅት የሜዳ አህያዋ ደረቁን አገዳ ስለምትበላላት ላሟ ይበልጥ ትወፍራለች። ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዳንዴ ይጣላሉ፣ አንዳንዴ ይረዳዳሉ።

ኦጉቱና ባልደረቦቹ ምክንያቶቹን ዘርዝረዋል፤ የሕዝብ ብዛት፣ የቤት እንስሳት መጨመር፣ የዝናብ መቀነስ፣ የሙቀት መጨመር። ከሁሉ ሥር ያለው ግን የፖሊሲ፣ የተቋማትና የገበያ ውድቀት ነው ይላሉ።

ይህ ምን ማለት ነው? የማሳይን አርብቶ አደር አስቡት። ከ1977 ጀምሮ አደን ተከልክሏል፤ አውሬው የመንግሥት ነው። አንበሳ ጥጃውን ይበላበታል፣ የሜዳ አህያ ሣሩን ይግጥበታል፤ የቱሪስቱ ዶላር ግን አብዛኛው ሌላ ኪስ ይገባል። የጋራ የነበረው መሬት ደግሞ በግል ካርታ ተሸነሸነ። ያችን ቁራሽ የያዘ ሰው ምን ያድርግ? ለስንዴ ያከራያል፣ ያጥራል፣ ይሸጣል። የሎይታ ሜዳ ስንዴ ሲዘራበት፣ እዚያ ይወልድ የነበረው የማራ ነባር ዊልደቢስት በ1977 ከነበረበት 119 ሺህ ገደማ በ1997 ወደ 22 ሺህ ወረደ። ከሜዳው ያባረረው ማረሻ ነው። ላምም ሰፊ ሜዳና መንቀሳቀሻ ትሻለች፤ መሬቱ ሲቆራረጥ ለሰውየው የሚያዋጣው ቶሎ የሚራባውና ቶሎ የሚሸጠው ፍየል ነው። ለእኔ የፍየሉ መብዛት ራሱ የመሬቱ ታሪክ ምልክት ነው። በዚያ ላይ በ1979 ወደ 15 ሚሊዮን የነበረው የኬንያ ሕዝብ በ2019 ከ47 ሚሊዮን አልፏል።

ከ2000ዎቹ ወዲህ በማራ ዙሪያ ባለመሬቶች ቁራሻቸውን መልሰው አንድ ላይ አድርገው፣ ለቱሪዝም እያከራዩ በየወሩ ገንዘብ የሚቀበሉበት አሠራር ተጀምሯል። ችግር የለበትም አልልም፤ ግጦሽ ስለሚገደብ ቅሬታ አለ። ቢያንስ ግን አውሬው ለባለመሬቱ ዕዳ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ይህን የምጽፈው ለኬንያ ብቻ ብዬ አይደለም። የስዌይን ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ሰንቀሌና ማዜ ካልተረፈ የሚተርፍበት ሌላ አገር የለውም። ከናንተ መካከል በመሬት፣ በግብርና፣ በፓርክ አስተዳደር ሥራ ላይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። «ከብቱን አስወጡ» የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መሬቱ የማን ነበር? ማን ቆረሰው? አውሬው በመኖሩ የሚጠቀመውስ ማን ነው? መልሱ ያለው ብዙውን ጊዜ መዝገብ ቤት ነው፤ ላሟ ዘንድ አይደለም።

እናንተስ በምትሠሩበት አካባቢ ምን ታዘባችሁ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

ቸር እንሰንብት።